ስም የሚጠብቀው ስታዲየም

በአንድ ወቅት፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የከተማችን ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበት ዘመን ነበረ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ወንዝና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ ሙቀቷ የማይቻል የቆላ ከተማ ናት። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ይቆማል፣ ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ አንገቱን እንደ ደፋ ጆሮውን ወደ ሜዳው ይጥላል። ጩኸቱን ሰምቶ ማን ጎል እንዳገባ ያውቃል።

ሜዳው የፋብሪካው ነበር። ድሮ ጥጥ ይሰጣበት ስለነበር «ጥጥ ሜዳ» ተባለ፤ ቡድኑም «ፈትል» ተባለ። ግማሹ ሣር፣ ግማሹ አፈር ነው። እኔ ከአጥሩ ሥር በአንዲት ወንበርና በአንድ መስታወት ፀጉር አስተካክል ነበር። የዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛዬ ብድግ ብሎ ይሮጥብኛል። ካሸነፍን ያንኑ ቀን መጥቶ ያስጨርሳል፤ ከተሸነፍን በማግስቱ ነው የሚመጣው።

በዚያ ሜዳ ዙሪያ አብረው ያደጉ ሦስት ሰዎች አሉ። ነገሬ ስለ እነሱ ነው።

አንደኛው አክሊሉ ነው። በክንፍ የሚጫወት፣ ኳስ እግሩ ላይ የሚጣበቅለት ልጅ ነበር። ጉልበቱ ሲጎዳ ቢሮ ገባና ውሎ አድሮ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት። ከእናቷ የወንዝ ዳር አትክልት ብርቱካን በቅርጫት አምጥታ ትሸጥልን ነበር፤ ፈትል ጎል ሲያገባ ቅርጫቱን ጥላ ትዘላለች፣ ብርቱካኑም በሰው እግር ሥር ይንከባለላል። እናቷ ሲሞቱ አትክልቱ ለእሷ ተላለፈ። ሦስተኛው ሹምዬ ነው፤ የሜዳው ጠባቂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሥመሩን በኖራ ያሰመረ፣ መረቡን የጠገነ እሱ ነው።

ከዚያ ፋብሪካው ለሁለት ወንድማማቾች ተሸጠ፤ ቡድኑም አብሮ ተሸጠ። ታላቁ አቶ ዘርጋው ይባላሉ፤ ታናሹ አቶ መኳንንት ከወንድማቸው ፊት ብዙ አይናገሩም። በሽያጩ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበሩ አንዲት ነገር በውሉ አስገብቶ ነበር፦ ጥጥ ሜዳ ለሌላ ሥራ የሚውለው ጠባቂው አምኖ ከፈረመ ብቻ ነው። ያኔ ማንም ልብ አላላትም።

ብዙም ሳይቆይ የውድድሩ ኃላፊዎች መጥተው አጥሩን አዩ፣ መቀመጫውን አዩ፣ «እዚህ ሜዳ ላይ ከእንግዲህ ጨዋታ አይደረግም» ብለው ሄዱ። ፈትል «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ ሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዞ በሰው አገር ይጫወት ጀመር። እሑድ ባዶ ሆነ። እኔም የጀመርኩትን ፀጉር ሳላቋርጥ መጨረስ ለመድኩ፤ ደስ የማይል ልማድ ነበር።

አዲስ ስታዲየም ያስፈልግ ነበር። ከተማውና ባለቤቶቹ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከጥቅምት ጀምረው ተቀመጡ። ከንቲባዋ ወይዘሮ ብዙአየሁ ነበሩ፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህርት። አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር እኔም ሥራዬን እየተውኩ ከኋላ ወንበር እቀመጥ ነበር።

አቶ ዘርጋው ጥያቄያቸውን አስቀመጡ። ስታዲየሙን እኛ እንሠራለን፤ ከተማው የወንዙን ዳርቻ በሙሉ፣ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይስጠን፤ ጥጥ ሜዳ ላይም ሆቴል እንድንሠራ ይፍቀድልን አሉ።

«የወንዙን ዳርቻ በሙሉ?» አሉ ከንቲባዋ። «ሰው ውሃ የሚቀዳበትን፣ ልብስ የሚያጥብበትን ጭምር?»

«እናንተ ካልሰጣችሁን ሌላ ከተማ ይሰጠናል። ደብዳቤው መጥቶልናል። ቡድኑን ይዘን እንሄዳለን።»

«ደብዳቤውን እንየው።»

«እሱ የእኛ ምስጢር ነው።»

ያቺ ደብዳቤ ወራት ሙሉ አስፈራችን። ከተማው በጥቅምት «አንሰጥም» ያለውን በጥር «እናስብበት» አለ፤ በየካቲት ለመፈረም ብዕር ወጣ።

ያን ቀን አክሊሉ ከባለቤቶቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። ፋይል የሚያቀብላቸው፣ ቁጥር የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። ከንቲባዋ ብዕሩን ሲያነሡ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ቆመ።

«ክብርት ከንቲባ፣ ደብዳቤ መጥቷል፤ እውነት ነው» አለ። «ግን የሚለው ‹ቦታ የለንም› ነው። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

 አቶ ዘርጋው ወደ እሱ ዞሩ።

«አክሊሉ፣ የማንን እንጀራ ነው የምትበላው?»

«የእርስዎን፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራ የለውም። ለሁለት ድርጅት አመለከተ፤ ሁለቱም «የአለቃውን ምስጢር የሚያወጣ» ብለው መለሱት። እናቱ ሳይቀሩ «ልጄ፣ የበላህበትን ወጪት ሰበርክ» ብለው አዘኑበት። ወንዙ ግን ቀረልን። ባለቤቶቹ መጀመሪያ «እንግዲያው ቡድኑን እንበትናለን» ብለው ተነሡ፤ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ለስታዲየሙ የሚበቃውን ያህል ቦታ ብቻ ለመውሰድ ተስማሙ፤ ሆኖም መሬቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ከክርክር ነፃ ሆኖ ካልተሰጠን ነገሩ ይቅር አሉ።

ቦታው ላይ ደግሞ ሰባት ሰዎች አትክልት ነበራቸው። ሰባቱም «አንነሣም» ብለው ለፍርድ ቤት አመልክተዋል። አመልካቾቹን የመራቻቸው ትርንጎ ናት። ነገሩ በፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ ሰኔ አይደለም፣ የሦስት ዓመት ሰኔም አይበቃም።

አንድ ቀን ትርንጎ ማንም ሳይጠራት ማዘጋጃ ቤት መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ከንቲባዋ ፊት ተቀመጠች።

«ምትክ ቦታው የት ነው?»

«ከኮረብታው ሥር» አሉ ወይዘሮ ብዙአየሁ።

«እሱ እኮ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ነው፤ አልዋሽሽም።»

ትርንጎ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ «እናቴ የተከለቻቸው አርባ ሦስት እግር ብርቱካን አሉኝ» አለች። «ፍሬውን ለቅሜ እስክጨርስ ሁለት ሳምንት ስጡኝ። ክሱን ከእኔ በኩል ትቻለሁ።»

በሁለቱ ሳምንት ብርቱካኑን ለቅማ ለመንደሩ ሁሉ አደለች። እኔም ስድስት ደርሶኛል። በመጀመሪያው ዛፍ ላይ መጥረቢያ ያሳረፈችው እሷው ራሷ ናት፤ «ሌላ ሰው ሲቆርጠው ከማይ» አለች። ይህን ሲያዩ ስድስቱ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ክሳቸውን አነሡ። የመጨረሻው አቶ ቦጋለ ነበሩ፤ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ። «እሷ ሰጥታ እኔ ብከለክል ሰው ፊት ምን እባላለሁ?» ብለው ፈረሙ። ኮረብታው ሥር ገብተው ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ልጆቻቸው ትርንጎን እስከ ዛሬ አያናግሯትም። «የራሷን ብቻ መች ሰጠች? የእኛንም በይሉኝታ አሰጠችን» ይላሉ።

የቀረው ጥጥ ሜዳ ነበር። ባለቤቶቹ ሆቴሉን ካልሠራን ወጪውን ስለማንመልስ ስታዲየሙን መሥራት አንችልም አሉ፤ በዚህ ነገር ደግሞ ውሸት አልተገኘባቸውም። የሠራተኛ ማኅበሩ ያስገባት ያቺ ነገር ያኔ ትዝ አለች። ወረቀቱ ወደ ሹምዬ ሄደ።

ሹምዬ አልፈርምም አለ። ሽማግሌ ተላከበት፣ የደጋፊዎች ማኅበር ተሰልፎ ሄደበት፣ ከንቲባዋ ራሳቸው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለመኑት።

«ቤት አፍርሶ የበር ቁልፍ መግዛት ነው፤ አላደርገውም» አለ። ቁርጥ ያለ ሰው ነው።

የሰኔ ሦስተኛው እሑድ ላይ ግን የጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ፈትል ወደሚጫወትበት የሰው አገር ሄደ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሜዳ ላይ ጨዋታ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሲመለስ ወደ እኔ መጣና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ፀጉሩን ልቆርጥለት መስሎኝ ጨርቁን አነሣሁ።

«ተወው» አለኝ። «አርባ ሰው አልሞላም፤ ቆጥሬዋለሁ። ጨዋታው አልቆ ልጆቹ ሊያጨበጭቡ ዞሩ፤ ወደየት መዞር እንዳለባቸው ግን አላወቁም። እዚያ የኛ ወገን የሚባል የለም።»  «ሜዳዬ ባዶውን ተቀምጦ፣ እነሱ እንደዚያ ሆነው።»

በማግስቱ ፈረመ። ከፈረመ በኋላ ኖራውን አወጣና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አሰመረው፤ መሐል ክቡን፣ የቅጣት ምቱን ነጥብ ሳይቀር። ጨዋታ አልነበረም። ቁፋሮ ማሽኑ ሐሙስ ገባ።

ይህንንም የሚነቅፍ አለ። በጥጥ ሜዳ የሚጫወተው ፈትል ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጠዋት ማታ ኳሱን የሚያንከባልለው እዚያ ነው። ስታዲየሙ ቁልፍ አለው፤ ጥጥ ሜዳ ቁልፍ አልነበረውም። «የሁላችንን ሜዳ በአንድ ሰው ፊርማ አጣን» የሚሉ እናቶችን ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው አልላቸውም።

ውሉ ሲጻፍ የመጨረሻው ክርክር የስም ነበር። አቶ ዘርጋው ስታዲየሙ በአባታቸው ስም ይጠራ አሉ። ከንቲባዋ «የከተማው ሰው የከፈለበት በከተማው ሰው ስም ይጠራ» አሉ። ቀኑን ሙሉ ተከራክረው በዚህ ቃል ተስማሙ፦ ስታዲየሙ እንዲቆም ከሁሉ በላይ ባደረገ በአንድ የከተማው ሰው ስም ይጠራል። ሁለትና ሦስት ስም አይሆንም። ከተማው እስከ መክፈቻው ዋዜማ ድረስ በአንድ ስም ካልተስማማ ስሙን ባለቤቶቹ ያወጣሉ።

አቶ ዘርጋው ሲፈርሙ ፈገግ አሉ። ያውቁናላ።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ ስታዲየሙ ቆመ። ያምራል፤ አያምርም ብል ግፍ ነው። ወንበሩ ቀለም አለው፣ ጣሪያው ጥላ ይጥላል። የእኔ ወንበር ግን ቦታ አላገኘም፤ ከአጥሩ ሥር ፀጉር ማስተካከል አይፈቀድም አሉኝ። አሁን የምሠራው ገበያው ዳር ነው። እዚያ የተቀመጠ ደንበኛ ለፊሽካ አይነሣም፤ ስልኩን እያየ ነው የሚያስጨርሰው።

ስለ ስሙ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። ሦስቱም ጊዜ ተጣልተን ተበተንን። የአክሊሉ ወገኖች፣ እሱ ባይናገር ኖሮ ዛሬ ውሃ የምንቀዳው በሰው ፈቃድ ነበር ይላሉ። የትርንጎ ወገኖች፣ እውነት ብቻውን መሬት አይሆንም፤ ስታዲየሙ የቆመው በእሷ ብርቱካን ቦታ ላይ ነው ይላሉ። የሹምዬ ወገኖች ደግሞ፣ እሱ ባይፈርም ወንዙም መሬቱም ባዶውን ይቀር ነበር፤ ደግሞስ ከሚወዱት ነገር በገዛ እጅ ከመለየት የበለጠ ምን አለ ይላሉ።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱንም ጠርተው ጠየቋቸው።

አክሊሉ «የሹምዬ ይሁን» አለ። «እኔ የሌላውን ሰው ምስጢር ነው የሰጠሁት፤ እሱ የራሱን ነው።»

ሹምዬ «ጥጥ ሜዳ በሉት» አለ። ውሉ የሰው ስም ነው የሚለው ሲሉት፣ «እንግዲያው እኔን አትጠይቁኝ» ብሎ ወጣ።

ትርንጎ ግን ቀና ብላ አየቻቸው። «ይገባኛል» አለች። «ለምን አፍራለሁ? አክሊሉ ሌላ ሥራ ያገኛል። ሹምዬ የአዲሱ ሜዳ ጠባቂ እንዲሆን ተጠይቋል። እኔ ድንጋይ ላይ ብርቱካን ተክዬ አሥር ዓመት ልጠብቅ ነው። የእናቴ ዛፍ የነበረበት ቦታ ላይ የማን ስም ይጻፍ?»



መክፈቻው እሑድ ነው። ነገ ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ስም ጽፈን ካላስገባን አቶ ዘርጋው የአባታቸውን ያስጽፋሉ፤ ሠዓሊው መሰላሉን ከበሩ ላይ አስደግፎ እየጠበቀ ነው። እኔ ለሦስቱም ፀጉር ያስተካከልኩ፣ ብርቱካኑንም የበላሁ ሰው ስለሆንኩ መፍረድ አልሆነልኝም። እናንተ ከሩቅ ናችሁና ፍረዱ፦ እንጀራውን ጥሎ እውነቱን የተናገረው፣ የእናቷን አትክልት የሰጠችው፣ ወይስ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ሜዳ በገዛ እጁ ፈርሞ የለቀቀው፣ ስሙ የሚገባው ለማን ነው?