አናጢውና የሽያጭ ክፍሉ

«አንድ ሰው ነበረ፤ አናጢ» አሉ መምህር አጥናፉ።

መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን የእጅ ሥራ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለጥያቄ ቀጥታ መልስ መስጠት አልለመደባቸውም። የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነች አንዲት ልብስ ሰፊ፣ «ጋሼ፣ የነበረኝን ገንዘብ የስፌት መኪናው በላው። የቀረኝ ይህ ስልክ ብቻ ነው። እንዴት ባደርግ ነው ሰው ስልኩን ሲከፍት እንደ ትልቅ ድርጅት የሚያየኝ?» ብላ ጠይቃቸዋለች። ለምትከፍተው ሱቅ ያወጣችው ስም የተጻፈበት ደብተር ጭኗ ላይ ነው። እሳቸውም ደብተሩን ሰረቅ አድርገው አዩና ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህ አናጢ ከአንድ ባለ ወርክሾፕ ዘንድ ተቀጥሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። እጁ ወርቅ ነበር። አፉ ግን እንደ ተጣበቀ መሳቢያ ነው፤ ካልታገሉት አይከፈትም። በመጨረሻ ቆርጦ ወጣና ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። አሠሪው ሲሰናበተው ሳቀ።

«ሂድ እሺ። የጥር ሠርግ እስኪያልፍ አንድ ሰው እንኳ ሥራ ካዘዘህ እኔ አናጢ አይደለሁም። መጥረጊያህን አልጥላትም፤ ከበሩ ኋላ አቆማታለሁ። ስትመለስ ትጠርግባታለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች መጥረጊያ ከአናጢው ዓይን አልጠፋ አለች።

ስለዚህ ትልቅ ለመምሰል ተነሣ። ስልኩ ላይ ገጽ ከፈተ፤ ለመክፈቱ ምንም እንደማይከፈል ሲያውቅ ደስ አለው። ስሙን «ግሎባል ሮያል ኢንተርናሽናል ፈርኒቸር» አለው። ዓርማ ሲያስፈልገው ሉል ጨብጦ የሚበር ንስር አስቀመጠ። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ «ከወፍጮ ቤት ጀርባ» ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ ነገሩ ከንስሩ ጋር አልሄድ አለውና «በሁሉም ቦታ አለን» ብሎ ጻፈ። የገዛ እጁ ሥራ የሆኑት በርጩማዎች አሳፈሩት። በእነሱ ፈንታ የባዕድ አገር ሶፋና አልጋ ፎቶ ከየትም ለቃቅሞ ደረደረ። ከአንደኛው አልጋ አጠገብ ባለው መስኮት በረዶ ሲወርድ ይታያል።

ሰው አየ፣ ወደደም። «ዋጋው ስንት ነው?» እያለ ጻፈ። አናጢውም ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሲያደርጉ እንዳየው ለሁሉም «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ መለሰ። ማንም አላናገረውም። አንዱ ብቻ፣ «በረዶውም አብሮ ይሸጣል?» ሲል ጠየቀ።

ጥር ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ! ድርጅቱ ነው?»

ድምፁን ወዲያው አወቀው። ስልክ ሲይዙ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ የሚጮኹ አንዲት የሰፈሩ ባልቴት ናቸው። አናጢው ድምፁን አቅጥኖ፣ «አዎን ክብርት ደንበኛችን፣ ከሽያጭ ክፍል ጋር ላገናኝዎ፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ እስከ አሥር ቆጠረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ በጎርናና ድምፅ፣ «ሽያጭ ክፍል!» አለ።

«ለልጄ ሠርግ ስድስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ፈልጌ ነበር። ስንት ነው?»

«ዋጋ የምንናገረው በውስጥ መስመር ነው።»

«የምን ውስጥ? ቤቴ ውስጥ ነኝ እኮ፤ ከዚህ በላይ ወዴት ልግባ?»

ሽያጭ ክፍል እንደገና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ባልቴቷ። «እኔ እንኳ ልቤ ሌላ ሰው ጋ ነበር። እዚህ እኛ ዘንድ አንድ አናጢ አለ። አሁን የተቀመጥኩባትን ወንበር የሠራልኝ እሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንድ ቀን ሲጢጥ ብላ አታውቅም። ብጠይቅ ከአሠሪው ወጥቷል አሉኝ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የልጄ እጮኛ ስልኩ ላይ ቢፈልገው ቢፈልገው፣ እናንተን አገኘ። እናንተ ደግሞ በረዶ አገር ናችሁ፤ እስክትደርሱ ሠርጉ ያልፋል። በል ደህና ሁን፤ ሥራውን ለዚያው ለአሠሪው እሰጠዋለሁ።»

ደንበኛውን ማን እንደቀማው አናጢው ያን ጊዜ ገባው፤ ባለ ንስሩ እሱ ራሱ ነው። መጥረጊያዋም ከበሩ ኋላ ብቅ ስትል ታየችው።

«እማማ! አይዝጉት! እኔ ነኝ!»

«አንተ ደግሞ የትኛው ክፍል ነህ?»

«ክፍል አይደለሁም! አናጢው ነኝ! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ!»

ባልቴቷ አንገታቸውን ወደ ደጁ አሰገጉ።

«ወፍጮ ቤቱ እኮ ከደጄ ይታያል» አሉ። «ታዲያ የቅድሙ ባለ ቀጭን ድምፅ ልጅ ማን ነው?»

አናጢው ሜትሩን አንሥቶ ወደ ባልቴቷ ቤት ሮጠ። ጠረጴዛው የሚቆምበትን ቦታ ለካ፤ ዋጋውንም ፊት ለፊት ተናግሮ ትእዛዙን ተቀበለ። ከመሄዱ በፊት ወንበሯን ፎቶ ሊያነሣት ፈለገ። ባልቴቷ ግን «እግሬን አሞኛል፣ ከተቀመጥኩበት አልነቃነቅም» ስላሉ እሳቸውም አብረዋት ፎቶው ውስጥ ገቡ።

ቤቱ ሲመለስ ንስሩን አባረረ፤ በረዶውንም አቀለጠ። ያችን አንዲት ፎቶ አወጣና ከሥሯ «አናጢ ነኝ። ይህች ወንበር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደሷ ያለ አንድ ወንበር በሁለት ቀን እሠራለሁ» ብሎ ጻፈ። ዋጋውን በቁጥር አስቀመጠ። ቀጥሎም «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» አለ። ከፎቶው ጥግ የአውራ ጣቱ ጫፍ ይታያል፤ እሱንም እንዳለ ተወው።

በዚያ ከተማ የባልቴቷን ግዝፈት የማያውቅ ሰው የለም። «እሳቸውን ዘጠኝ ዓመት የቻለች ወንበርማ!» እያለ ሰው ሁሉ ወደ ሰማያዊው በር መጣ።

የጥር ሠርግ ሲያልፍ አሠሪው መጥረጊያዋን በሰው ላከለት። ሊያበሽቀው ይሁን ተሸንፎ አልታወቀም። አናጢው ግን አመስግኖ ተቀበለ፤ የእንጨት ብናኙ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ሞልቶ ነበርና መጥረጊያ አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

መምህር አጥናፉ እዚህ ላይ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ አናጢው አንቺ ነሽ። ንስሩ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽው ስም ነው። ባልቴቷ ደግሞ እጅሽን የሚያውቅ፣ ደጅሽን ግን ያላወቀ ሰው ነው፤ ይኸኔ ስልኩን ከፍቶ እየፈለገሽ ነው። ንስር ሆነሽ ከጠበቅሽው ሳያውቅሽ ያልፋል። የሰፋሽውን ልብስ ከነለባሹ አሳይው፤ ደጅሽን ንገሪው፤ ዋጋሽን አትደብቂው። ይህ ሁሉ የሚያስከፍልሽ ትንሽ እፍረት ብቻ ነው።»

ልጅቷ ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋች።

«በይ እንሞክረው» አሉ መምህሩ። «እኔ ደንበኛ ነኝ። አንድ ሱሪ ለማሳጠር ስንት ነው?»

«በውስ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መምህር አጥናፉ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እስከ አሥር መቁጠር ጀመሩ።