አሜን የተባለበት ታይት

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ በረቱን ክፈቱልኝ፣ ላሟን እኔው አስገባለሁ። ዝም ብላችሁ ስሙ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ የሚሰማ ግን የለም።

ድሮ፣ ልብስ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት ሰጎን ነበረች። ያኔ የሰጎን ጭን እንደ ዛሬው ራቁቱን አልነበረም። እስከ ጉልበቷ ድረስ ላባ ነበራት። ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሰጎን ከተራራ ሯጮች ቡድን ገባች። አጋዘን አለ፣ ድኩላ አለ፣ ሚዳቋ አለች። አሠልጣኛቸው አያ ኤሊ ነው። አትሳቁ! እሱ ከተራራው ሥር ቆሞ ያያል፤ ያየውን ደግሞ አይረሳም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ማለዳ ማለዳ ሲሮጡ የሰጎን ላባ በላብ ይርሳል። የራሰው ላባ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው ጭን ይሸማቀቃል። ከተራራው ወገብ ላይ፣ ሁልጊዜ ከአንዲት ጥቁር ድንጋይ አጠገብ፣ እያነከሰች ትመለሳለች።

«ሰጎን» አላት አያ ኤሊ። «ሦስት ማለዳ ሰጥቼሻለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ጫፍ ካልደረስሽ ከቡድኑ ወጥተሻል። ጭንሽን አልብሺው።»

«ምን ላልብሰው፣ አያ ኤሊ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ከነቤቴ የተወለድኩ!»

*

እመት ጦጢት መንገድ ዳር ታይት ትሸጥ ነበር። ትልቅ መስታወትም አላት። ከሱቋ ፊት ለፊት አያ በጎ ሣር ይግጣል። አያ በጎ ከነሱፉ የተፈጠረ ስለሆነ ብርድን በስሙ ብቻ ነው የሚያውቀው። ክፋት የለበትም። ያስቸገረው ደግነቱ ነው።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አዲስ የለበሰ ይመረቃል። የተመረቀ አሜን ይላል። አሜን የተባለበት ልብስ አይመለስም።

ሰጎን ገና ብቅ ስትል አንድ ወፍራም ታይት ከመስቀያው ላይ ጮኸ።

«እኔን! እኔን! ብርድ ስሜን ሲሰማ ይሸሻል!»

«ልበሺውና በመስታወት እዪው፣ የኔ እመቤት» አለች ጦጢት።

ሰጎን ለበሰችው። መስታወቱ ፊት ቆመች። ሞቃት። ደስ አላት።

«ውይ ሲያምርብሽ!» አለ አያ በጎ፣ ሣሩን በአፉ እንደያዘ። «በጤና ልበሺው!»

ምን ትበል? «አሜን» አለች።

«ዋጋው የግራ ጭንሽ ላባ ነው» አለች ጦጢት። «ታይት ከለበስሽ ወዲያ ላባ ምን ይሠራልሻል?» ብላ ነጨችው።

በማግሥቱ ሮጠች። ወፍራሙ ታይት ላቧን ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣና ጎርፍ እንደመታው ጋቢ ከበደ። ከዚያ ቀዘቀዘ። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ጭኗ ተሸማቀቀ።

«ብርድ ይሸሸኛል አላልክም?» አለችው እያነከሰች።

«ሸሽቷል እኮ! ይሄ ያንቺ ላብ ነው።»

*

«መልሺልኝ!» አለች ሰጎን።

«አሜን ብለሻል» አለች ጦጢት።

«ሳልሮጥበት ነዋ ያልኩት!»

«አሜን አሜን ነው።»

ኤጭ! ሰጎን ከእንግዲህ አልታለልም አለች። ሁለተኛው ታይት ስስ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። እሷም በምንቃሯ ሳበችው፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን ቆጠረች።

«ላብ ትጠጣለህ?»

«ጠብታ አልቀምስም።»

«ታጠብቃለህ?»

«እንደ ቆዳሽ ነኝ።»

«ትወርዳለህ?»

«እኔ? ወገብሽን ይዤ እሞታለሁ!»

ለበሰችው። መስታወቱ ፊት ቆመች። አያ በጎ ቀና አለ።

«ውይ ሲያምርብሽ! በጤና ልበሺው!»

ሰጎን ምንቃሯን ገጥማ ዝም አለች። አያ በጎ ጠበቀ። ጠበቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምነው፣ እመት ሰጎን? ምን አስቀየምኩሽ?»

ኧረ ተዉኝ! ይሉኝታ የሚሉት ጉድ ያዛት።

«አሜን» አለች፣ ጥርስ ባይኖራት ምንቃሯን እያፋጨች። ጦጢትም የቀኝ ጭኗን ላባ ነጨች።

በማግሥቱ ሮጠች። ዳገቱን ስትጀምር የወገቡ ላስቲክ ተንሸራተተ፤ በአንድ ክንፏ እየሳበች ሮጠች። በጭኖቿ መሃል ያለው ስፌት እንደ መጋዝ ፈገፈጋት። ንፋሱ በስሱ ጨርቅ በኩል ሰተት ብሎ ገባ። ላባው ደግሞ የለም! ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ተሸማቅቃ ተቀመጠች።

«አንተ ውሸታም! ወገብሽን ይዤ እሞታለሁ ስትለኝ አልነበር?»

«ቆመሽ ጠየቅሽኝ» አለ ታይቱ። «እኔም ቆሜ መለስኩልሽ።»

ሰጎን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ይህን ነገር ደጋግማ አሰበችው።

*

የቀረው አንድ ማለዳ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ አያ ኤሊ ፊሽካውን ሳይነፋ፣ ሰጎን ጦጢት ሱቅ ደረሰች። ጭኗ ራቁቱን ነው፤ ቆዳዋ ተነፋፍቷል።

ከክምሩ ሥር አንድ ግራጫ ታይት ተጣጥፎ ተኝቷል። አልጮኸም። ወፍራምም አይደለም፣ ስስም አይደለም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«ምን አውቃለሁ? ገና አልሮጥሽብኝም።»

ሰጎን ለበሰችው። የወገቡን ገመድ አሰረች።

«ወደ መስታወቱ ነዪ» አለች ጦጢት።

ሰጎን መስታወቱን አላየችም። አያ በጎ ሣሩን ዋጠ፤ አፉን ከፈተ።

«ውይ ሲያምርብ...»

ሮጠች!

«ሌባ! ያልተመረቀ ልብስ ይዛብኝ ሄደች!» ጮኸች ጦጢት።

«በጤና ልበሺው!» አለ አያ በጎ፣ ሰሚ በሌለበት። ምርቃቱም ከአፉ ወጥቶ ባዶ መንገድ ላይ ቀረ። ምርቃት መሬት ላይ መቅረት አይወድም፤ ተነሥቶ ሰጎንን ተከተላት።

«ቆዪ እንጂ! አሜን በዪኝ!»

«ሥራ ላይ ነኝ!»

«አንድ ቃል እኮ ናት!»

«ጫፍ ላይ እንገናኝ!»

ሯጮቹ ዳገቱን ጀምረው ነበር፤ ደረሰችባቸው። የወገቡ ገመድ ካለበት አልተነቃነቀም። ስፌቱ ድምፁን አላሰማም። ላቧ ወጣ፣ በጨርቁ አልፎ ደረቀ። ጥቁሩ ድንጋይ መጣ። ሰጎን ጭኗን በፍርሃት ጠበቀች። ጭኗ ዝም አለ። ድንጋዩ ከኋላዋ ቀረ። ድኩላ ከኋላዋ ቀረ። ሰጎን ጫፍ ደረሰች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ምርቃቱ እያለከለከ መጣ።

«እሺ... አሁንስ?»

ሰጎን ጎንበስ ብላ ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ጭኗን ዳበሰች። ከዚያ ተራራው እስኪያስተጋባ ድረስ «አሜን!» አለች።

ስትወርድ አያ ኤሊ ከሥር ቆሟል።

«ቡድኑ ውስጥ ነሽ። ግን ሁለቱን ማለዳ በምን አቃጠልሻቸው?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ አያ ኤሊ።»

«ይሉኝታ ጭን አያሞቅም፣ ልጄ።»

ሰጎን ለጦጢት የታይቱን ዋጋ ከጅራቷ አንድ ላባ ሰጠቻት። ጦጢት አኮረፈች። አያ በጎ ግን አሜኑን ከተራራው ላይ ሰምቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

*

ያ ግራጫ ታይት አርጅቶ ካለቀ ዘመን ሆኖታል። የተነጨው ላባ ግን ተመልሶ አልበቀለም፤ የሰጎን ጭን ራቁቱን የቀረው ያኔ ነው። ደግሞም ሜዳ ላይ ብታገኟትና ብትጠጓት ብድግ ብላ ትሮጣለች። ፈሪ ናት ትላላችሁ። ፈርታ አይደለም፤ ሳትሮጥ እንዳትመርቋት ነው።

ቆመው የመረጡት፣ ሲሮጡ ይከዳል።

ተረቴን ውሰዱ። ለአፌ ዳቦ ስታመጡልኝ ግን አትቸኩሉብኝ፤ ቀምሼው ነው አሜን የምለው።