ዘምዘም የከለከለችው አፉ

በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች፣ መስጊዷ ከከተማዋ በዕድሜ በሚበልጥባት አንዲት ጥንታዊ አገር፣ ሐጂ ሙስባህ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ሰው ጨርቅ አምጥቶ ጀለቢያ ወይም ቀሚስ ሲያሰፋ፣ ሐጂ ከልብሱ ጋር አንዲት ትንሽ ጥቅልል ይሰጡታል። ከጨርቁ የተረፈው ቅዳጅ ነው።

«ሐጂ፣ ይህ ለምን ይሆነኛል?» ሲላቸው፣

«ላንተ ባይሆንህም የኔ አይደለም» ይሉታል።

ሐሰት ሲናገሩ ያገኛቸው የለም። ቀልድ ግን ይወዱ ነበር። ከመስፊያ መኪናቸው ድምፅ በላይ ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል።

በሰባ አንደኛ ዓመታቸው ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ዓይናቸውም ቢጫ እየሆነ ሄደ። ልጃቸው መዲና የአንድ ቀን መንገድ ተጉዛ ትልቅ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ጉበታቸው ላይ ያለው ካንሰር መድኃኒት የሚመልሰው እንዳልሆነ፣ ሁለት ወር ከቆዩም ብዙ እንደሆነ ነገራት። መዲና ይህን ይዛ ተመለሰች። ጓዳ ገብታ ለእናቷ ለዘምዘም በሹክሹክታ ስትነግራት፣ ዘምዘም የያዘችውን ሰፌድ ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

«አይወቁ» አለች። «ጨጓራ ነው እንበላቸው።»

ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘምዘም ባሏ ፊት ስትሆን ፈገግ ትላለች፤ አጥሚቱን ታቀርባለች፤ «ዛሬስ ፊትዎ ደህና ነው» ትላለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ትዞርና ጎመኑ መሐል ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂ ሁለቱንም ጠሯቸው።

«መዲና፣ ሐኪሙ ጨጓራ ነው ያለሽ?»

«አዎ አባዬ።»

«ታዲያ የጨጓራ መድኃኒት ስጪኝ እንጂ። የምትሰጪኝ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው።»

መዲና አንገቷን ደፋች።

«ልጄ፣ በሽታው ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው። ከሐኪሙ በፊት የነገረኝ እሱ ነው። ለእኔ ብላችሁ አትዋሹ። የእናንተን ሐሰት ጭኜ የምሄድበት አቅም የለኝም፤ ይኸው እንደምታዩኝ ከስቻለሁ።»

መዲና ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። ዘምዘም ግን ተነሥታ ወጣች።

በዚያ አገር አንዱ ሌላውን ይቅርታ ሲጠይቅ «አፉ በለኝ» ይላል። የተጠየቀው «አፉ ብያለሁ» ካለ በጠያቂው ላይ ያለው የሰው ሐቅ ወርዷል ማለት ነው። አላህ የራሱን ሐቅ ይቅር ይላል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ሰው ካልማረው ለወዲያኛው ዓለም፣ ለአኼራ ይተርፋል። ይህን የሚያውቁት ሐጂ በማግስቱ በራፋቸው ላይ አጎዛ አስነጥፈው ተቀመጡና አላፊ አግዳሚውን አፉ በሉኝ ማለት ጀመሩ።

ኮርቻ ሰሪው ኑርሁሴን ሲመጣ፣ ቁመቱ ከበሩ ይበልጥ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«የሠርግህን ሱሪ አሳጥሬብህ ነበር፤ አፉ በለኝ» አሉት።

«ሐጂ! ይህ እኮ ሠላሳ ዓመት አለፈው!»

«ወይኔ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁርጭምጭሚትህን ብርድ ሲመታው?»

ኑርሁሴን እንባውን ሊያፈስ መጥቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መንገዱን ዞር ሲል ግን አጥር ተደግፎ ሲያለቅስ ታየ። ብዙዎቹ እንደዚያ ሆኑ። ሐጂ የከፈናቸውን ጨርቅ ራሳቸው አስመጡ፤ በሁለት ጣታቸው መሐል አሸት አሸት አድርገው ጥራቱን አዩና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ ኖሬ የመጨረሻው ልብሴ ስፌት የለውም። ጎሽ! ጠበበኝ የሚል የለ፣ ረዘመብኝ የሚል የለ» አሉ።

ከተማው ሁሉ አፉ አላቸው። የቀረችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ዘምዘም።

መጀመሪያ ሲጠይቋት «ወተቱ ሊገነፍል ነው» ብላ ሄደች። ሁለተኛ ሲጠይቋት እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። በሦስተኛው «አልልም!» አለች።

«በድዬሻለሁ?»

«አልበደሉኝም።»

«ታዲያ?»

«አልልም አልኩ እኮ!»

በልቧ የያዘችው ነገር ነበር። ሰውየውን ታውቃቸዋለች፤ የአንድ ክንድ ቅዳጅ ጨርቅ የሰው ሐቅ ነው ብለው የሚመልሱ ሰው፣ የሚስታቸውን ሐቅ ሳያስወርዱ አይሄዱም። ሁሉም አፉ ብሏቸዋል። እሷን ብቻ ነው የሚጠብቁት። እንግዲያው ካላለች አይሄዱም። አጀል፣ የተቆረጠው የሞት ቀን፣ ለማንም አንዲት ደቂቃ እንደማይዘገይ ከልጅነቷ ጀምሮ ተምራዋለች፤ ነገሩ ሞኝነት መሆኑም አልጠፋትም። ቢሆንም ያቺን አንዲት ቃል ጨብጣ ያዘቻት።

ሐጂ ከአጎዛው ወደ አልጋ ተመለሱ። ድምፃቸው ቀጠነ። መዲና እናቷን ጓዳ ውስጥ እጇን ይዛ ለመነቻት።

«እማዬ፣ ሐቅ ይዘሽባቸው እንዴት ይሂዱ?»

«ይሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ?» አለች ዘምዘም።

ሐጂ ይህን ሰምተው ልጃቸውን ጠሩና «ተያት» አሏት። «ሰብርና ትዕግሥት ለሕመሙ ብቻ ነው እንዴ የታዘዝነው? ለእናትሽም ነው።»

ሦስት ቀን ምንም ሳይጠይቋት ዋሉ። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ አልጋው እግር ድረስ ስትደርስ፣ «ዘምዘሜ፣ ነይ ተቀመጪ» አሏት። «አንድ ሐሰት አለብኝ። የዋሸሁትም አንቺን ነው።»

ዘምዘም ልትቀመጥ ብላ ቀጥ አለች።

«ሌላ ሚስት ነበረችኝ እንዳይሉኝ!»

«አንቺን ችዬ ነው!» አሉ ሐጂ። ከዚያም ቀጠሉ። «በተጋባን በዓመቱ የተጣላን ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

እንዴት ትረሳዋለች! ሐጂ በወጣትነት ትኩሳት ስለ አባቷ ክፉ ቃል ተናገሩ። እሷም ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ልብሷን ቋጥራ፣ በቅሎዋን ግቢ ውስጥ አስራ፣ ዕቃዋን ልታወጣ ገባች። ስትወጣ በቅሎዋ የለችም። ሦስት ቀን ሙሉ በሸለቆው ተፈለገች። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር ለምለም ሣር ስትግጥ ስትገኝ፣ የዘምዘም ንዴት በርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በትዳሯ ተማርራ እሷ ዘንድ የምትመጣ ሙሽራ ሁሉ ይህን ትሰማለች። «ሦስት ቀን ታገሺ። የኔን በቅሎ አላህ ራሱ ነው የፈታት» ትላቸዋለች። ሐጂም መስፊያቸውን እያንቀሳቀሱ ዝም ብለው ይሰማሉ።

«በቅሎዋን የፈታኋት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ።

ዘምዘም ዞር ብላ አየቻቸው።

«ፈትቼ ብቻ አልተውኳትም። በአለንጋ ሸንቆጥ አድርጌ ቁልቁል ነዳኋት። ከዚያ ካንቺ ጋር ሦስት ቀን ‹በቅሎ ያያችሁ!› እያልኩ ዞርኩ።»

«አንቱ ሰውዬ!» አለች ዘምዘም በመጨረሻ። «እኔ እሾህ እየረገጥኩ ስፈልግ አብረውኝ ሲጣሩ ነበር!»

«ከሁላችሁ በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።»

«ለስንቷ ሙሽራ ነው የነገርኩት! ስንቱ ትዳር በዚያች በቅሎ ቆሟል!»

«ቆሟል አይደል?»

ዘምዘም ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሐጂም ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ እያመማቸው ሳቁ። መዲና ለቅሶ መስሏት ከጓሮ እየሮጠች መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም አየች።

ሳቁ ሲበርድ ዘምዘም የባሏን እጅ አየች። በመርፌ የተበሳሳው አውራ ጣት ከስቶ የልጅ ጣት መስሏል።

«ለምን ፈቱብኝ?» አለቻቸው።

«እንዳትሄጂብኝ ነዋ።»

ይህን ስትሰማ የራሷ ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

«እርስዎ ፈትተው አስቀሩኝ። እኔ ደግሞ አስሬ ላስቀርዎ ነበር» አለች።

«የኔዋ በቅሎ እንኳ ሣር አግኝታ ወፍራ ተመለሰች» አሉ ሐጂ ወደ ራሳቸው እየጠቆሙ። «ያንቺው ግን ይኸው፣ አጥንቱ ቀረ።»

ዘምዘም እንባዋ እየወረደ እንደገና ሳቀች። ከዚያ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አፉ ብያለሁ። ለበቅሎዋም፣ ለማውቀውም፣ ለማላውቀውም። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አላህ በኸይር ያገናኘን።»

«አሚን።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ግን በዚህ ሰዓት እንዴት ሳቅ ይመጣልዎታል?» አለቻቸው።

ሐጂ ሙስባህ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

«ተሳስቀው የተለያዩ ሰዎች ሲገናኙ አይተፋፈሩም» አሉ።

ቅዳሜ ቀትር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዞሩላቸው። የእምነት ቃላቸውን፣ ሸሃዳቸውን ብለው በጸጥታ ሄዱ። ዘምዘም አለቀሰች፤ አምርራ አለቀሰች። ፊቷን ግን አልነጨችም፤ «ለምን?» የሚል ቃልም ከአፏ አልወጣም። ከወራት በኋላ አንዲት አዲስ ሙሽራ በትዳሯ ተማርራ ስትመጣ፣ ዘምዘም ታሪኩን አስተካክላ ነገረቻት። «በቅሎዬን የፈታት ባሌ ነው» አለቻት። «ልቡ ውስጥ ያን ሐሳብ ያኖረው ማን እንደሆነ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይህን ስናገር «ታዲያ ሐጂ ዋሹ ማለት አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ ዋሽተዋል። የሃይማኖት ሊቃውንቱ ዓሊሞች ባልና ሚስትን ለማስማማት የሚነገርን ሐሰት ቀለል አድርገው እንደሚያዩት ሐጂ አያውቁም አልልም። ነገር ግን በዚያ አልተከለሉም፤ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላም ቢሆን የሷን ሐቅ እንደ ቅዳጅ ጨርቅ ጠቅልለው መለሱላት።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የመጨረሻው ቃላቸው ነው። እኛ የታመመብንን ሰው ስናስታምም መለየቱን ብቻ እናያለን። ስለዚህ እውነቱን እንደብቀዋለን፣ ፊታችንን እናጠቁራለን፣ ልንለው የሚገባንን ሳንለው ጀናዛው ይወጣል። ሐጂ ሙስባህ መለየቱን አልካዱም፤ ከፈናቸውን በጣታቸው ዳሰውታል። ሐሳባቸው ያለው ግን ከዚያ ወዲያ፣ ከሚስታቸው ጋር ዳግም በሚተያዩበት ቀን ላይ ነበር። ያን ቀን ዓይን ለዓይን ለመተያየት የሚያሳፍር ነገር በመሐላቸው እንዳይኖር ቀድመው አጸዱት፤ ያጸዱትም በሳቅ ነው። በቤታችን አፉ ያልተባባልነው ሰው ካለ፣ ገና ድምፁ ሳይቀጥን ዛሬውኑ እንሂድለት። አላህ ተሳስቀው ከሚለያዩት፣ ሳይተፋፈሩም ከሚገናኙት ያድርገን።