ሐጂ ጦይብ የከለከሏት መኪና

የከተማዋን ስም አልጠራም። ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ መስጂዷ ከቤቶቿ ሁሉ የሚቀድም አሮጌ ከተማ ናት፤ ይህ ይበቃል። ሆስፒታሉ ያለው ከታች ሜዳው ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሆኖ ወርዶ ወርዶ የሚያልቀው ገበያው መሐል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ቁልቁለት ነው።

ሐጂ ጦይብ በዚህች ከተማ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። የመስጂዱ ጀመዓ በሽተኛ የሚያወርድ መኪና ለመግዛት ሲያዋጣ አማናውን፣ አደራውን ማለት ነው፣ ያስረከበው ለእሳቸው ነው። የተገዛችው ግን ብዙ እጅ የለወጠች አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ሻጩ ቀለሟን አሳምሮ፣ ውስጧን ደብቆ ሸጠላቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አላህ ይምራው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ! ራዲያተሯ ያፈሳል፣ ባትሪዋ ሞቷል፣ መሪዋ ወደ ግራ ይጎትታል። ከማል የሚባል መካኒክ ተጠርቶ እየፈታ እየገጠመ ከረመባት። ሞተሯ የተነሳ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሰዉ «ዳነች!» ተባባለ። እኛ እንዲህ ነን፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየን መቆምም የሚችል ይመስለናል።

ከማል ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሐጂ ጠጋ አለ።

«ሐጂ፣ ዳገት ትወጣለች። ቁልቁለት ላይ ግን አላምናትም። የፍሬኗ ፓምፕ አርጅቷል። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ፔዳሉን ሲረግጡት ባዶ ነው። አዲስ ሳይገጠምላት ሰው እንዳይጭኑባት።»

ሐጂ ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ከማልም ዕቃውን ፍለጋ ወደ ትልቁ ከተማ ወረደ። ዕቃው ቶሎ አልተገኘም።

በዚህ መሐል የይመር እናት ታመሙ። ይመር ሾፌር ነው፤ በሙያውም የሚተማመን ሰው ነበር። ሐጂ ሱቅ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ቁልፉን ይስጡኝ ሐጂ። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ አወርዳታለሁ።»

«አልሰጥህም፣ ልጄ።»

«እናቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ከታች ገበያው ላይ የሚቆሙትም የሰው እናቶች ናቸው።»

ይመር እናቱን በቃሬዛ አወረደ። ሆስፒታል ደረሱ፤ ግን አልተነሱም፤ እዚያው አረፉ። ከዚያ ወዲያ ይመር የሐጂን ሰላምታ መመለስ ተወ። መስጂድ ውስጥ ጎን ለጎን ሰግደው፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉት ፊቱን አዙሮ ይወጣል። ሐጂ ግን ሰላምታቸውን አላቋረጡም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ የሐጂን ባለቤት ወይዘሮ ሰዓዳን ሆዳቸውን ቆርጦ ያዛቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ይመር ነው።

«ቁልፉን ያምጡ ሐጂ» አለ። «የእናቴን ነገር ይተዉት። እኔ እነዳለሁ፤ የሚመጣው በእኔ ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹም፣ «ዶሩራ ነው፤ ለጭንቅ ቀን ሸሪዓው ያገራል» አሏቸው።

«ጭንቁ የእኔ ነው» አሉ ሐጂ። «ከታች የሚያልቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ይመር፣ ለእናትህ ቁልቁለት የነበረው መንገድ ለሚስቴ ሜዳ ይሆናል?»

ወይዘሮ ሰዓዳ ከአልጋው ላይ ሰሙ። «መኪናዋ የለችም እንዴ፣ ሐጂ?» አሉ።

«አለች፣ ሰዓዳ። ገና አልተሠራችም።»

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ሰዓዳ ምንም አልተናገሩም። ተቀይመው ይሁን ሕመሙ በርትቶባቸው፣ ማንም አያውቅም።

ይመር የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ተሸከመ። ሐጂ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ከጎን እየሮጡ ወረዱ። ገበያው ዳር ሲደርሱ ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው፤ «አላህ ያሽርዎት» እያለ አሳለፋቸው። መሐሉ ላይ ሐጂ ቆሙ። የያዙት እጅ አልያዛቸውም። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷቸው።

ለተዕዚያ፣ ሐጂን ሊያጽናና፣ ሰው በተቀመጠበት ይመር መጥቶ እግራቸው አጠገብ ተንበረከከ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ሐጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያን ጠዋት እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ነበር፤ አይቻለሁ።»

«ነበር» አሉ ሐጂ። «ቁልፉን ጨብጬው ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ቻሉ?»

ሐጂ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ሳይጠርጉት መለሱ። «መኪናዋ የጀመዓው አማና ናት፤ ገበያተኛው ግን የአላህ አማና ነው።»

ዕቃው ከቀብሩ በኋላ መጣ። ከማል ገጠመው፤ መኪናዋም ስንቱን በሽተኛ በሰላም አወረደች። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶች፣ «ምናልባት ፍሬኑ ያን ቀን ይይዝ ነበር፤ ሴትዮዋም ይድኑ ነበር» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል፤ ሐጂንም እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳመማቸው አልጠራጠርም። እኛ የምንወደው ሰብር መጨረሻው የሚያምረውን ነው፤ የታገሰ ወዲያው ሲካስ ማየት እንፈልጋለን። የሐጂ ሰብር ግን ካሳው በዚህች ዓለም አልታየም። አማና ሲባል የተቆጠረ ዕቃ መመለስ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። የማናውቀው ሰው ነፍስም በእጃችን ነው፤ ያ ሰው ግን ስለማያውቅ አያመሰግነንም።

ያን ማለዳ ገበያው ላይ ጨው ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት ሴት አትጠፋም። ሸጠች፣ ሸመተች፣ ማታ ልጆቿ ጋ ገባች። ከምን እንደተረፈች አታውቅም። ሐጂም ፊቷን አይተው አያውቁም። ሚስታቸውን ያጡት ግን ስለ እሷ ነው።