ወንዙ የፈረደባቸው ከንቲባ

በዚያች መንደር፣ ሰው የገዛ ብልጠቱ መልሶ ሲይዘው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ፖም ልለቅም በሄድኩበት መኸር ሰማኋትና መነሻዋን ብጠይቅ፣ መጀመሪያ ወንዙን እየው አሉኝ። አየሁት። እንቅልፍ እንደተጫጫነው ሰው ቀስ እያለ የሚሄድ ሰፊ ውሃ ነው፤ ግራና ቀኙን የአኻያ ዛፎች ጎንበስ ብለውበታል። ይህ የዋህ ውሃ አንድ ትልቅ ሰው ከአገራቸው አስወጣ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር።

መንደሯ ቫልሰርን ትባላለች። ፈረንሳይ ውስጥ ናት፤ ካርታው ላይ ጣት ካረፈባት ግን ትጠፋለች። ከነጭ ኮረብታ ሥር ዘጠና ያህል ሰው ይኖርባታል። ሁለት ጊዜ ጦር አቃጥሏት፣ ሁለት ጊዜ ከዚያው ኮረብታ በተፈለጠ ድንጋይ ተሠርታለች። ከቤቶቹ በስተምሥራቅ፣ ይህ ነገር በሆነበት ዘመን፣ ሸምበቆ የበቀለበት ረግረግ ነበር። ከረግረጉ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ያሉበት ጉብታ አለ። ከጉብታው ወዲያ የሣር መስክ ነው፤ ወንዙ ያኔ መስኩን መሃል ለመሃል ያቋርጠው ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ሌላ መንደር ናት፤ ሉርሜ።

የሁለቱ መንደሮች ወሰን በወንዙ አጠገብ የተተከሉ ድንጋዮች ነበሩ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሁለቱም ሰዎች ቄሳቸውን አስቀድመው ወሰኑን በእግር ይዞሩ ነበር፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በውሃ አጥበው በዱላ ሦስት ጊዜ ይመቱት ነበር። ድንጋዩ እንዳይረሳ ነው ይላሉ። ድንጋይም ይረሳል ወይ ብዬ ብስቅ ተቆጡኝ።

የቫልሰርን ከንቲባ ሙሴ አንሰልም ነበሩ፤ ሙሴ በእነሱ ቋንቋ አቶ ማለት ነው። እዚያ አገር ለዘጠና ሰውም ከንቲባ አለ። ብልህ ሰው ናቸው፤ ጣጣው ብልህነታቸውን ማወቃቸው ነው። ወንዙ በየክረምቱ የሉርሜን ዳር አንድ እርምጃ እየቦረቦረ በእሳቸው በኩል ለምለም ሣር እንደሚተው አስተውለው ኖሮ፣ በአንዱ ግንቦት፣ ድንጋይ ማጠብ ሰለቸን፣ ወሰናችን ወንዙ ይሁን አሉ። የሉርሜው ከንቲባ ሙሴ ጋስፓር ዝምተኛ ገበሬ ናቸው፤ ጠብ ከሚመጣ ብለው ተስማሙ። ውሉን የጻፉት አንሰልም ራሳቸው ናቸው። «ወንዙ ዳኛችን ነው፤ በሄደበት ሁሉ ወሰናችን እሱ ነው፤ ለዘላለም» ይላል።

ቅር ያላቸው ጀልባ ቀዛፊዋ አሮጊት፣ ማዳም ዜፊሪን ብቻ ነበሩ።

«ሙሴ አንሰልም፣ ይህ ወንዝ በአያቴ ጊዜ በረግረጉ በኩል ነበር የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዚያ የሚነሣው ውሃው የድሮ መንገዱን እያለመ ነው።»

«ውሃ ሕልም የለውም፣ ማዳም» አሉና ፈረሙ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በየዓመቱ መስኩ በአንድ እርምጃ እየሰፋ የቫልሰርን የሣር ክምር ከቤት ጣሪያ በለጠ። ሉርሜዎች ሲያጉረመርሙ አንሰልም፣ ዳኛው ፈረደ፣ እኔ ምን ላድርግ እያሉ ይስቁባቸዋል። በስድስተኛው ዓመት ሚስታቸው ክሌማንስ ሞተች። ጉብታው ላይ ቀበሯትና ከጎኗ ያለችውን ቦታ ለእኔ ተዉልኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ይዘው ይወጡና አጠገቧ ተቀምጠው የመንደሩን ወሬ ይነግሯታል። በሕይወት ሳለች ጊዜ ያጣሁላትን ወሬ ነው ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ሰውዬውን ወደድኳቸው።

በሰባተኛው ዓመት የካቲት ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የውሃው ድምፅ ከቤቶቹ ሥር መጣ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ቆመ። ጉሙ ቀስ እያለ ሲገለጥ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ፤ ቀጥሎ መቃብሮቹ፤ በመጨረሻ ሸምበቆው በነበረበት ቦታ፣ ሁልጊዜም እዚያ የነበረ ይመስል፣ ወንዙ ቀስ ብሎ ሲሄድ ታየ። ጉብታው ማዶ ሆኗል። በውሉ መሠረት መስኩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ክሌማንስም የሉርሜ ሆኑ።

በነዚያ መንደሮች ልማድ ደግሞ ሰው የሚቀበረው ነዋሪ በሆነበት መንደር አፈር ብቻ ነው። አንሰልም ይህን ያውቃሉ። በማዳም ዜፊሪን ጀልባ ተሻግረው ጋስፓር ቤት ሄዱ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙ።

«ሙሴ ጋስፓር፣ ውሉን እንቅደደው። መስኩን ሁሉ ውሰዱት። እኔ የምፈልገው ከሚስቴ አጠገብ ያለችውን ቦታ ብቻ ነው።»

ጋስፓር አስገብተው አስቀመጧቸውና መለሱላቸው።

«ሰባት ዓመት ሣራችን ሲሄድ ዳኛው ፈረደ ብለውናል። ዛሬ ዳኛው ተሳሳተ ብላቸው ሰዎቼ አይሰሙኝም። ግን የሉርሜ ሰው የሉርሜን አፈር አይከለከልም፤ የወፍጮው ቤት ባዶ ነው፤ ይምጡና ይኑሩበት።»

አንሰልም በቫልሰርን ተወልደው፣ በቫልሰርን አርጅተው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከንቲባ የሆኑ ሰው ናቸው። ሦስት ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። በአራተኛው ቀን የከንቲባነት ምልክት የሆነውን መቀነታቸውንና ማኅተማቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ አልጋቸውንና ወንበራቸውን ጀልባው ላይ ጫኑ። የመንደሩ ሰው ዳር ወጥቶ ያያቸዋል። ጀልባው ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ አንዲት ጎረቤታቸው፣ ሙሴ አንሰልም፣ አገርዎን ጥለው ወዴት ነው ብላ ጠየቀች። አንሰልም እጃቸውን ወደ ጉብታው ዘረጉ። ይህን ጊዜ ማዳም ዜፊሪን፣ ዘወር ሳይሉና መቅዘፋቸውን ሳይተዉ፣ በእሳቸው ፈንታ መለሱላት፤ «ወንዝን ዳኛ ያደረገ፣ አገሩን ከማዶ ፈለገ።»