ያዳነሽ ማን ነው?

ባሏ ሞቶባት እንቅልፍ ያጣች አንዲት ሴት ሐኪም ቤት ብትሄድ ሦስት የአእምሮ ሐኪሞች ተፈራረቁባት። አለቃቸው ፕሮፌሰር ድንበሩ ስለ ልጅነቷ ጠየቋት፤ ሁለተኛው 'ጥፋቱ የእኔ ነው' የሚል ሐሳቧን እየመረመረ አቃናላት፤ ሦስተኛው ከቤት እየወጣች ሰው እንድትጠይቅ አዘዛት። ሴትዮዋ ዳነች። ሐኪሞቹ ግን "ያዳናት የእኔ ሕክምና ነው" በሚል ተጣሉ።

ፕሮፌሰሩ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው ሴትዮዋን አስቆሟት።

"ያዳነሽ ማን ነው? አንድ ስም ብቻ ጥሪ! 'ሦስታችሁም' ብትዪ ሁለተኛ እዚህ ደጅ አትደርሺም።"

"ጌታዬ፣ ባሌ የሞተ ሰሞን ጎረቤቶቼ ለቅሶ ይመጡ ነበር። አንዷ የድሮውን እያነሳች አስለቀሰችኝ፤ ሌላዋ 'ጥፋቱ ያንቺ አይደለም' አለችኝ፤ ሦስተኛዋ እጄን ይዛ ገበያ አወጣችኝ። የእናንተም ሥራ ያው ነው፤ ስም አወጣችሁለት እንጂ። እነሱ ግን ሲወጡ 'ያጽናናኋት እኔ ነኝ' ብለው በር ላይ አልተናነቁም።"

"ስም ጥሪ አልኩሽ!" ብለው ጮኹ ፕሮፌሰሩ።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችላቸው።

"አይጩሁ፣ ቁጭ ይበሉና ቀስ ብለው ያጫውቱኝ። ይሄ 'አንደኛ ካልወጣሁ' ማለት የጀመረዎት ከልጅነትዎ ነው?"