ሐመልማል ውሃ እስክትጠጣ

ጅብም ዝንጀሮም የሌለበት ተረት አለኝ። ያለው አንድ ሰርቨር ነው፤ እሱም አኩርፏል። የምትሰሙኝ ከሆነ ጠጋ በሉ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሐመልማል የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ውሃ ጠማት። የፈለገችው አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ነበር። ግን ያን ቅዳሜ ቶንሲሏ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላት ስለነበር ከንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። "ሲስተር፣ ትንሽ ብቻ" ብላ ለመነች። ነርሷ ሲስተር አበራሽን አንጀቷን በላቻት። "የኔ ቆንጆ፣ ዶክተሩ ይሠራል ወይም ይቀራል ሳይል አልሰጥሽም" አለቻት። ሐኪሙ ካልወሰነ ነርሷ አትሰጥም፤ ነርሷ ካልሰጠች ሐመልማል አትጠጣም።

ሐኪሙ ዶክተር ናሁሰናይ በወር አንዴ ብቻ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነው። "ደሟ በደንብ እንደሚረጋ የሚነግረኝን ውጤት ሳላይ ቢላ አላነሳም" አለ። የልጅቷ አባት እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ዶክተር፣ በእግዚአብሔር! ተኝታ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ወሩን እንዴት እንቆያለን? ዝም ብለው ይሥሩላት።" ዶክተሩ አሻፈረኝ አለ። ውጤቱ ካልታየ ሐኪሙ አይወስንም፤ ሐኪሙ ካልወሰነ ነርሷ አትሰጥም፤ ነርሷ ካልሰጠች ሐመልማል አትጠጣም።

ውጤቱስ የት አለ? ሩቅ ካለ ላቦራቶሪ ተልኮ የሆስፒታሉ መረጃ ሁሉ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ውስጥ ገብቷል። ላቦራቶሪው ቅዳሜ ስልክ አያነሳም፤ ሰርቨሩም ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። ወይንሸት ተጠራች። ወይንሸት የሆስፒታሉን ዳታቤዝ የምትጠብቅ ባለሙያ ናት፤ ሲበላሽ ሁሉም ስሟን ይጠራል፣ ሲሠራ ለማንም ትዝ አትልም። ሰርቨሩን አጥፍታ አበራችው። ተነሳና መልሶ ወደቀ። "ምን እንዳመመህ ሳላውቅ እንዴት ላድንህ?" አለችው። ሰርቨር ሲታመም ሕመሙን ራሱ የሚጽፍበት የስህተት መዝገብ አለው፤ እሱን ማንበብ ነበረባት። መዝገቡ ካልተነበበ ሰርቨሩ አይነሳም፤ ሰርቨሩ ካልተነሳ ውጤቱ አይታይም፤ ውጤቱ ካልታየ ሐኪሙ አይወስንም፤ ሐኪሙ ካልወሰነ ነርሷ አትሰጥም፤ ነርሷ ካልሰጠች ሐመልማል አትጠጣም።

መዝገቡን ልትከፍት ስትል "ፈቃድ የለዎትም" አላት። በሌላ ኮምፒውተር ሞከረች፤ ያው ነው። መዝገቡ የተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ በቀጥታ ልትገባ ሞከረች፤ አሁንም ያው። ድሮ እንደልቧ ታነበው ነበር። ፈቃዱን የነሷት አለቃዋ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለቅሶ ላይ ናቸው። ጋሽ ወልደየስ ካልተነሱ ፈቃዱ አይገኝም፤ ፈቃዱ ካልተገኘ መዝገቡ አይነበብም፤ መዝገቡ ካልተነበበ ሰርቨሩ አይነሳም፤ ሰርቨሩ ካልተነሳ ውጤቱ አይታይም፤ ውጤቱ ካልታየ ሐኪሙ አይወስንም፤ ሐኪሙ ካልወሰነ ነርሷ አትሰጥም፤ ነርሷ ካልሰጠች ሐመልማል አትጠጣም።

መቼም ለቅሶ ቤት ገብቶ "ተነሱ፣ ልውሰድዎ" አይባልም። ወይንሸት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፤ እንደ ደንቡ ዝም ብላ ተቀመጠች። ውስጧ ግን እየነደደ ነበር። ቆይታ ጠጋ አለችና ጉዳዩን በጆሯቸው ነገረቻቸው።

"ለቅሶ ጥዬ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል? ነገ አይደርስም?" አሉ።

"ጋሽ ወልደየስ፣ መዝገቡን ለምን ዘጉብኝ?"

አንገታቸውን ደፉ። "በሥራ ግምገማው ቀን ገምጋሚዎቹ ከመዝገቡ እያንዳንዷን ስህተት ሰው ፊት እያነበቡ አዋረዱኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ከፍቼው አላውቅ። ምን ጉድ እንደጻፈብኝ እንጃ፣ ልጄ።"

ወይንሸት መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ አሳዘኗት። ለካ ነገሩ ሁሉ የታሰረው እዚህ ነው! ፍርሃቱ ካልለቀቃቸው ጋሽ ወልደየስ አይነሱም፤ እሳቸው ካልተነሱ ፈቃዱ አይገኝም፤ ፈቃዱ ካልተገኘ መዝገቡ አይነበብም፤ መዝገቡ ካልተነበበ ሰርቨሩ አይነሳም፤ ሰርቨሩ ካልተነሳ ውጤቱ አይታይም፤ ውጤቱ ካልታየ ሐኪሙ አይወስንም፤ ሐኪሙ ካልወሰነ ነርሷ አትሰጥም፤ ነርሷ ካልሰጠች ሐመልማል አትጠጣም።

"ማን አጠፋ አልልም" አለቻቸው። "ግምገማ ቢመጣም አብሬዎት እቆማለሁ። አሁን ግን ልጅቷ ውሃ ጠምቷታል።"

ባላቸው የሞተባቸው እትዬ ጌጤነሽ ይህን ሰሙ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ተነስ፣ ወልደየስ" አሉ። "የኔ ባል ከእንግዲህ አይቸኩልም።"

ይኼኔ ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ ጋሽ ወልደየስ ተነሱ፤ ፈቃዱ ተገኘ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ገጽ ሙሉ አንድ ዓይነት ቃል ነበር፦ ዲስኩ እየሞላ ነው፣ ዲስኩ እየሞላ ነው፣ ዲስኩ ሞልቷል። ለሳምንታት ሲጮህ የሰማው አልነበረም። ጋሽ ወልደየስ ላብ አጠመቃቸው፤ ወይንሸት ቃሏን ጠብቃ ማን አጠፋ አላለችም። የማያስፈልገውን አሮጌ ቅጂ አብረው ጠረጉት። ሰርቨሩ ተነሳ፤ ውጤቱ ታየ፤ ሐኪሙም አነበበ።

አንብቦም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "ደሟ ቶሎ አይረጋም" አለ። "ዛሬ ብነካት ኖሮ ደሙን ማስቆም አልችልም ነበር። እዚህ አይሠራላትም፤ ዝግጅት ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ። ሲስተር፣ ውሃ ስጫት።"

ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ አሰበች። ቀኑን ሙሉ "አይሆንም" ባለ ሁሉ ስትበሳጭ ነው የዋለችው። የዶክተሩ "አይሆንም" ልጅቷን ጠበቃት፤ የጋሽ ወልደየስ "አይሆንም" ግን ራሳቸውን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ይኼ አስፈራት።

ሐኪሙ ወሰነ፤ ነርሷ ሰጠች፤ ሐመልማል ጠጣች። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠችው። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

"አባዬ፣ ለምን ታለቅሳለህ? ጠጣሁ እኮ!" አለችው።

የኔም ተረት እዚህ ላይ ጥሙን ቆረጠ፤ የሰማችሁኝም የጠማው እንዳለ ዞር ብላችሁ እዩ።